የጉልሳምባር ቦይ

ጉልሳምባር ባሏን ከቀበረች ሁለት ዓመቷ ነው። የቀራት አንድ ማሳ ገብስ ነው፤ እሱ ከደረቀ ክረምቱን የሰው እጅ እያየች መክረሟ ነው። «ከዚያስ ሞት ይሻለኛል» ስትል መንደሩ ሁሉ ሰምቷል።

መንደሩን የሚያጠጡት ሁለት ጅረቶች ናቸው። ሁለቱም ከላይ ከተራራው በረዶ ይወርዳሉ፤ የምሥራቁ ጥቁር ደለል፣ የምዕራቡ ነጭ ደለል ይዞ። ከጥቁሩ የሚጠለፈው የእሷ ቦይ ብቻ ነው፤ የጎረቤቷ የሚርባዝ ከነጩ ይጠለፋል። ቦይ ሊጠርጉ ገደሉን መውጣት የወንድ ሥራ ስለሆነ፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ የቦይዋን መነሻ አላየችውም።

ዘንድሮ ውሃዋ ቀጠነ። ሚርባዝ ደግሞ በየማለዳው አካፋ ተሸክሞ ሽቅብ ይወጣል። ሰላም ስትለው አንገቱን ይደፋል። ንጹሕ ሰው አንገቱን ምን ያስደፋዋል?

ዓርብ ሰው በተሰበሰበበት፣ እፍኝ ሙሉ ነጭ ጭቃ አምጥታ የመንደሩን ውሃ የሚያከፋፍሉትና የሚዳኙት የውሃ አባት ቃንበር እግር ሥር ዘረገፈችው።

«ውሃዬን መስረቁ ሳያንስ ቆሻሻውን ማሳዬ ላይ ይደፋብኛል!»

«ቀስ በይ፣ ልጄ» አሉ ቃንበር።

«ምን ቀስ እላለሁ፣ አጎቴ! ገብሱን አላዩለትም? ሰርቆ እንኳ ማጠጣት ያቃተው ሰነፍ!»

ሰዉ ሳቀ። እውነትም የሚርባዝ ገብስ ገና ሳያሽት ቢጫ ሆኗል። እናቱ ሻሿን ፊቷ ላይ ጎትታ ተነስታ ወጣች።

«ሚርባዝ፣ ቦይዋን ነክተሃል?»

ጆሮው ድረስ ቀላ። «ነክቻለሁ።»

«ለምን?»

ሚርባዝ ወደ ነጩ ጭቃ አቀረቀረ።

«ምላሱንም ጭቃው ውስጥ ቀበረው እንዴ?» አለች ጉልሳምባር።

ውሃ የሰረቀ አንድ ዓመት ከውሃ ይታገዳል። ቃንበር ግን ቦዩን በዓይናቸው ሳያዩ አይፈርዱም፤ ምርኩዛቸውን አነሱ።

«አይውጡ፣ አጎቴ» አለ ሚርባዝ። «እገዳውን እቀበላለሁ።»

«ሰማችሁት? ፈራ!» አለችና ቀሚሷን ሰብስባ ከሁሉም ቀድማ ገደሉን ወጣች። ወንዶቹ ከኋላዋ ያለከልካሉ። ከላይ ስትደርስ ድንገት ቆመች።

ጥቁሩ ጅረት ደርቆ ከድንጋይ በቀር ምንም አልነበረበትም፤ ከነጩ ጅረት ግን በአካፋ የተቆፈረ አዲስ ቦይ የሚርባዝን ውሃ ገሚሱን ወደ እሷ ማሳ ይወስድ ነበር።