ሰላምታ ለባዶ ቤት

መዲና ባሏ ከሞተ በኋላ ያሠራችው የኮምቦልቻው ቤት ካለቀ ዓመት ሆነው። ብቻዋን ማደሩን ግን ፈራች። በየጁምዓው ከደሴ ትወርድና፣ ባዶ ቤትም ቢሆን ሰላምታ ሳይሰጡት አይገባምና፣ በሩ ላይ ቆማ «አሰላሙ አለይኩም» ትላለች። ቁልፉን ካወጣች በኋላ ወኔ ይከዳታል፤ ትመለሳለች።

ዛሬ መመለሻ የላትም፤ አከራይዋ ክፍሉን ለሌላ ሰጥተውባታል። ፍራሿን እንደተሸከመች ሰላምታዋን ሰጠች፤ «ያ አላህ፣ አንተው ያዘኝ!» ብላ ከፈተች፤ ገብታም ከውስጥ ቆለፈች።

ምንም የለም።

«ይኼን ነው ዓመት ሙሉ የፈራሁት?» አለች እንባዋን እየጠረገች።

«አሰላሙ አለይኩም» አለ ከደጅ፣ የገዛ ድምጿ።

መዲና ቁልፏን ጨብጣ፣ «ይህችም እንደኔ ፈርታ ትመለስ ይሆናል» ብላ ጠበቀች።

ከውጭ ቁልፍ ገብቶ ዞረ።