ሻሽ የተጠቀለለበት ቃጭል

ማንጠግቦሽ የጊደሯን ቃጭል በሻሽ ጠቅልላ አስራዋለች። ከብት ሁሉ የሚናገር ቃጭል ካሰረ ወዲህ ባለቤቱን የሚጠይቅ የለም፤ ቃጭሉን ነካ ሲያደርጉት የከብቱን ዘርም ጤናም እሱው ይናገራል።

ጎረቤቷ ጋሽ ይርዳው ድርሻቸውን ሊወስዱ መጡ። ከብቶቿ በበሽታ ባለቁ ጊዜ፣ የምትወልደውን ሊካፈሉ አንዲት ላም ሰጥተዋት ነበር። ከላሟ የተወለደችው ይህች እርጉዝ ጊደር የእሳቸው ድርሻ ናት፤ ወተቷም ለምትድኸው የልጅ ልጃቸው ታስቧል።

«አንገቷን ምን ሆነች?» አሉ።

«ብርድ እንዳይመታት ብዬ ነው።»

«ጊደሯን ነው ቃጭሉን?» ብለው ሳቁ። እጃቸውን ግን ወደ ሻሹ አልሰደዱም። «በእኔና በአንቺ መሃል ቃጭል ምን ይሠራል? አንቺው ንገሪኝ። ደህና ናት?»

ማንጠግቦሽ ቃጭሉን ለማፈን ተዘጋጅታ ነበር፤ ሰው ይጠይቀኛል ብላ ግን አላሰበችም።

«ኮርማዬን በጊዜ መለወጥ ነበረብኝ፣ ጋሼ» አለች መሬት መሬቱን እያየች። «ከበሽታው የተረፈልኝ እሱ ብቻ ነበርና ልለየው አልቻልኩም። የፀነሰችው ከገዛ አባቷ ነው። ጥጃው ደካማ ሆኖ ሊወለድ ይችላል።»

ጋሽ ይርዳው ጊደሯን ትክ ብለው አዩዋት።

«ኮርማ አውሱኝ ብትዪኝ እከለክልሽ ነበር?»

ሁለቱን ቤቶች የሚለያቸው አንድ አጥር ነው፤ ደጃቸውን ከረገጠች ግን ዓመት አልፏታል።

የጊደሯን ገመድ ፈትተው እጇ ላይ አኖሩት። «በይ እስከ ቤት ንጂልኝ» አሉ። «የልጅ ልጄንም እስካሁን አላየሻትም።»