ከጠርዙ የወጣ ቅንጣት

የተማሪዋ መጠቆሚያ ቀይ ነጥብ ግራፉ ድንገት ቁልቁል የሚወርድበት ቦታ ላይ አረፈ። በኮምፒውተር ፕሮግራም፣ ባለ አራት ጠርዝ ሰሌዳ ላይ በፈጠረችው ምናባዊ ውሃ ውስጥ፣ ቅዝቃዜው እዚህ ሲደርስ ቅንጣቶቹ በአንዴ መንቀሳቀስ እንደሚያቆሙ ገና ተናግራ መጨረሷ ነበር።

«በቀኝ ጠርዝ የወጣ ቅንጣት በግራ ተመልሶ ይገባል፣ አይደል?» አሏት ከፊት የተቀመጡት ፈታኝ ፕሮፌሰር።

አይገባም ነበር። ጠርዞቹን ማገናኘት እንደረሳች ዛሬ ጠዋት ደርሳበታለች፤ ቅንጣቶቹን ያስቆማቸው ቅዝቃዜው ሳይሆን እሷ ሳታውቅ የሠራችው ግድግዳ ነው። ወደ ግራፉ ዞረች።

«ምን ጥያቄ አለው!» አሉ የመመረቂያ ጽሑፍ አማካሪዋ ከኋላ ሆነው፣ በኩራት። «ፕሮግራሙን እኔው ራሴ መስመር በመስመር አይቼዋለሁ። አይዞሽ ልጄ፣ ቀጥዪ።»

ፕሮግራሙን አንድም ቀን አሳይታቸው አታውቅም። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። መሬት ግን አልተከፈተችም፤ እሷም ቀጠለች።