በሰከንድ ሃያ አራት

«ይሄንን እኔ አልቀረጽኩም» አለ ጡረተኛው ካሜራማን፣ ሶፋው ላይ እንደተዘፈዘፈ።

የቀረጸው ግን እሱ ነው። ልጁ አዲሱን ቴሌቪዥን ለማስመረቅ የከፈተችለት የራሱን ፊልም ነው፤ ድልድዩን የምታቋርጠው ተዋናይት ደግሞ ሟች ሚስቱ። ለዚያች አንዲት ቀረጻ ሦስት ቀን ሙሉ ፀሐይ ጠብቋል። አሁን ግን ሚስቱ ቅባት የፈሰሰበት ወለል ላይ እንዳለች እየተንሸራተተች ትሄዳለች፤ የሠፈር ሰው በሠርግ ካሜራ የቀረጻት ነው የምትመስለው።

«ጥራቱን አላየህም እንዴ አባዬ? እማዬ እኮ እዚሁ ሳሎን የገባች ነው የምትመስለው!»

ደከመው። ይህን ለስንቱ አስረድቶ ሰልችቶታል።

«እኔ ያነሳሁት በሰከንድ ሃያ አራት ምስል ነው። ቴሌቪዥኑ አነሰኝ ብሎ በየመሀሉ ከራሱ እየፈጠረ ይሰካበታል፣ እንቅስቃሴው እንዲለሰልስ።»

«ታዲያ ቢለሰልስ ምናለበት?»

«ለኳስ ጨዋታ ምንም አይልም።»

ልጅቷ ሳቀች፤ ሳቋን ሳትጨርስ ግን ፊቷ ተለወጠ። እናቷ ስትሞት ገና አራት ዓመቷ ነበር። የእናቷን አረማመድ የምታውቀው ከዚህ ፊልም ነው፣ ከሌላ ከየትም አይደለም።

«ከራሱ የሚፈጥረው… እማዬን ነው?»

መዋሸት አማረው። መዋሸትም ግን አቅም ይጠይቃል።

«እሷን የምትመስል ሴት። አሁን ካየሻቸው ምስሎች ከግማሽ በላዩ እናትሽ አይደለችም፣ የኔ ልጅ።»

ልጅቷ ሪሞቱን አንስታ የቴሌቪዥኑን ማስተካከያ ዝርዝር ወደ ታች ገፋች። «እንቅስቃሴ ማለስለሻ» የሚለውን አገኘችና አጠፋችው። ፊልሙን ወደ ኋላ መልሳ እንደገና ከፈተችው።

ሴትየዋ ድልድዩን ማቋረጥ ጀመረች። እግሯ መሬት ይረግጣል።

«ራቀች» አለች ልጅቷ፣ ቀስ ብላ።

«ድሮም ሩቅ ናት።»

ልጅቷ ከሶፋው ወርዳ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች፤ በጉልበቷ ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጋች። ድልድዩ ላይ ነፋስ ተነሳ። እናቷ ፀጉሯን ከዓይኗ ገለል አደረገችና፣ ካሜራውን እንዳታይ የፊልሙ አዘጋጅ ስንት ጊዜ የለመናት ሴት፣ ዞር ብላ በቀጥታ ካሜራውን አየች።

«ማንን ነው የምታየው?»

ካሜራማኑ እጁን ለሰላምታ ከጉልበቱ ትንሽ ከፍ አደረገ፣ ከመንገድ ማዶ የሚያውቀውን ሰው እንዳየ ሁሉ።