የደሳለ ተራ

የአስጎብኚዎቹን ተራ የሚይዘውን ፕሮግራም የሠራው ደሳለ ነው፤ እሱም ራሱ አስጎብኚ ነው፣ የላሊበላ ልጅ። አዲስ የተመዘገበ ከሁሉም ኋላ ይሰለፋል፤ አድልዎ የለም። ማታ ማታ መዝገቡን ይቆልፈዋል፤ ያኔ ማንም ያነበዋል እንጂ አይጽፍበትም።

ጧት ደግሞ መቆለፉን ይፈትሻል። በማየት አይታወቅማ። የተቆለፈውም ያልተቆለፈውም ሲነበብ ያው ነው፤ የሚለየው ሊጽፉበት ሲሞክሩ ነው። ስለዚህ መፈተሻው አንድ ስም ሰርዞ መልሶ ለመመዝገብ ይሞክራል። የሰው ስም ከሚነካ ብሎ ደሳለ የራሱን ሰጠው። ሦስት ዓመት ሙሉ መዝገቡ «አይቻልም» ሲል ኖሯል።

ያን ሰሞን እንግዳ ጠፋ። ዓመት ሙሉ እንግዳ ያላስጎበኘ የአስጎብኚነት መታወቂያውን ይመልሳል፤ የማኅበሩ ደንብ ነው። የደሳለ ዓመት ነገ ያልቃል፤ ተራው ግን አሥረኛ ነው። ነገ ያለው ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ የሚሄድ አንድ ቡድን ብቻ ነው። ተረኛው እንዳለው ነው፤ የደሳለን ልጅ ክርስትና ያነሳው።

«እንዳልዬ፣ ነገ ቅድሚያ ስጠኝ» አለው።

እንዳለው መሬት መሬት እያየ «እስቲ ይታሰብበታል» ብሎ ሄደ።

በነጋታው መፈተሻው «ተጽፏል» አለ። ደሳለ ክው አለ፤ ማታ ራሱ ቆልፎት ነበር። ዝርዝሩን ሲያይ እንዳለው አንደኛ፣ እሱ ከሠላሳው ሰው መጨረሻ። የይለፍ ቃሉን ከእሱ ሌላ የሚያውቀው እንዳለው ብቻ ነው። እምቢ ቢለው ምን ነበረበት?

ሊቀመንበሩን ጋሽ ወልደ ኪዳንን ጠርቶ በፊታቸው እንዳለውን ጠየቀው።

«ማታ መዝገቡን ከፍተሃል?»

«ከፍቻለሁ።»

«መልሰህ እንኳን አልቆለፍከውም። ስሜን ነክተሃል?»

«ነክቻለሁ፤ ግን ወንድሜ...»

የእንዳለው ዓይን ስክሪኑ ላይ፣ ከታች መጨረሻ ካለው የደሳለ ስም ላይ አረፈ። «እንግዲያ ያበላሸሁት እኔ ነኝ» ብሎ አጉረመረመ።

«ግን ምን? ልጄን ክርስትና ያነሳህ ሰው፣ እኔን እንዲህ?»

ጋሽ ወልደ ኪዳን «መዝገብ የነካ ከእኛ ጋር አይሠራም» ብለው የእንዳለውን መታወቂያ ተቀበሉት። ቡድኑን ቀጣዩ ተረኛ ይዞ ወጣ።

ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደሳለም የራሱን መታወቂያ ሊመልስ መጣ። ፕሮግራሙ ማን መቼ ምን እንደጻፈ ያስቀምጣል። ለቃለ ጉባኤው ማስረጃ ይሁን ብሎ አተመው። ሁለት መስመር ብቻ ነበር።

«ማታ 12፡40፣ እንዳለው፦ ደሳለ ከእኔ ፊት፣ አንደኛ።»

«ጧት 1፡05፣ መፈተሻ፦ ደሳለ ተሰረዘ፤ ደሳለ ተመዘገበ፣ ሠላሳኛ።»