የፈቃድ ቅጹ

የአገሪቱን የቦክስ ቀበቶ አምስት ጊዜ አሸንፋለች። ክለቡ ግን ሴት ናት ብሎ፣ የአባቷ አሻራ ያረፈበት ቅጽ ካላመጣች ዛሬም ሪንግ ላይ አያወጣትም። ይህ ያንገበግባታል። በየዓመቱ ቅጹን ጠረጴዛ ላይ ጥላ ትወጣለች፤ ስትመለስ አሻራው አርፎበት ታገኘዋለች። ፊደል ያልቆጠሩት አባቷ በአፋቸው ባይናገሩም እንደሚኮሩባት ታስብ ነበር።

ዘንድሮ ግን አባቷ ቅጹን ጎረቤት አስነብበው ጠበቋት።

«ለካ የእኔ ፈቃድ ያስፈልግሻል? ለዚህ ዱርዬነት አንድም ቀን ፈቅጄልሽ አላውቅም» ብለው ቦጫጨቁት።

ደሟ ፈላ። «ታዲያ ያ ሁሉ አሻራ የማን ነው?» ብላ ጮኸችባቸው።

አንድም ግጥሚያዋን አይተው የማያውቁት እናቷ ከጓዳ ወጡ። ከጠረጴዛው ላይ እስክሪብቶ አነሱና አውራ ጣታቸውን ሰማያዊ እየቀቡ፣

«ሌላ ቅጽ አምጪ» አሏት።