የደጃፉ ጾመኛ

ጉባኤተኞቹ ጠዋት ሲደርሱ ሽማግሌው በአዳራሹ ደጃፍ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል። ፊታቸው ወደ በሩ ነው።

በአየርላንድ ምዕራባዊ ዳርቻ ባለችው በዚያች መንደር የዚያን ቀን ሌላ ነዋሪ አልነበረም። የአውራጃው የኳስ ፍጻሜ ስለሆነ መንደርተኛው ሁሉ፣ የአዳራሹ ጠባቂ ሳይቀር፣ ወደ ትራሊ ከተማ ሄዷል። ጠባቂው ቁልፉን፣ ዳቦና ቅቤውን ለእንግዶቹ ትቶላቸዋል። እንግዶቹ የመካከለኛውን ዘመን የኬልት ሕዝቦች ታሪክና ቋንቋ የሚያጠኑ ምሁራን ናቸው።

የከሰዓቱ ንግግር የፕሮፌሰር ሎርካን ነበር። በአቅራቢያው ባለ የበግ ግጦሽ ውስጥ የቆመ ድንጋይ አለ። በድንጋዩ ጠርዝ ላይ ጥንታውያኑ ፊደል አድርገው የቀረጿቸው ጭረቶች ይታያሉ። ሎርካን ሲያነባቸው ከተረት በቀር የትም የማይገኝ የንጉሥ ስም ወጣ። ጉባኤው ንባቡን ከተቀበለው የትምህርት ክፍሉ ኃላፊነት የእሱ ነው። ካልተቀበለው በስልሳ አራት ዓመቱ ሌላ ድንጋይ አይጠብቀውም።

ሎርካን ከመኪናው ወርዶ ሽማግሌውን ሲያይ የመኪናው ቁልፍ ከእጁ ወደቀ።

«ምነው ወንድሜ፣ የሞተ ሰው አየህ እንዴ?» አለው ከዌልስ የመጣው ጌቲን።

«ነፋሱ ነው» አለ ሎርካን።

በመጀመሪያው እረፍት ጌቲን በስልክ እያወራ ወጣ፤ አንድ ስኒ ሻይ ከሽማግሌው እግር አጠገብ ሣሩ ላይ አስቀምጦ ወሬውን ሳያቋርጥ ተመለሰ። በሁለተኛው እረፍት ሻዩ እንዳለ ነበር፤ ወተቱ ከላይ ረግቷል።

«ሻይህ ተናቀ» አለችው ኔሳ። ኔሳ የድሮ ሕግ አጥኚ ናት።

«ዌልሳዊ ያፈላው ስለሆነ ይሆናላ።»

ኔሳ አልሳቀችም። ሽማግሌውን በመስኮቱ ትመለከት ነበር።

«እየጾሙ ነው» አለች። «በድሮ ሕጋችን የተበደለ ደካማ ጉልበተኛውን የሚከስሰው እንዲህ ነበር። ደጁ ላይ ተቀምጦ ይጾምበታል። በዳዩ ዋስ ካልጠራ ወይ ካልካሰ ስሙ ይጠፋል።»

«ሺህ ዓመት ዘግይተዋላ!»

«እዚህ አገር ነገር አይረሳም፣ ጌቲን። አያቴ አንዲት ጎረቤታቸውን ሰላም ሳይሉ ነው የሞቱት፤ ጠቡ የተነሳው አያታቸው ሳይወለዱ ነው።»

«እንግዲያስ ሄጄ ልጠይቃቸዋ።»

«እንዳትሞክር! ካናገርካቸው የነገሩ ወገን ትሆናለህ። ዝም ብሎ ምግብ ማቅረብ ነው ደንቡ።»

ራሷ ዳቦ በሳህን ይዛ በጣቶቿ ጫፍ እየረገጠች ወጣች። ከስኒው ጎን አኖረችው። ሽማግሌው ቀና አሉ፤ ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ። ኔሳ ግን ገብታ በሩን ዘግታ ነበር።

«በማን ላይ ይሆን የሚጾሙት?» አለ ጌቲን። አሁን ቀልድ በድምፁ ውስጥ የለም። ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። «ሎርካን፣ አንተ በዚህ አካባቢ ስትሠራ ከርመሃል። ታውቃቸዋለህ?»

«አላውቃቸውም።»

ያውቃቸዋል። የበግ ግጦሹ ባለቤት ናቸው። አነጋግሯቸው ግን አያውቅም፤ ድንጋዩን እንዲያጠና በስልክ የፈቀደለት ኮርክ ከተማ የሚኖረው ልጃቸው ነው። በመጋቢት አንድ ማለዳ፣ የባሕሩ ነፋስ ጆሮ ሲያደነቁር፣ ሎርካን ከድንጋዩ ሥር ተንበርክኮ በእጁ መሮ ይዞ ነበር። ቀና ሲል ሽማግሌው በድንጋይ አጥሩ ክፍተት ቆመዋል። አንድ እጃቸው አጥሩ ላይ ነው፤ ውሻቸው ከፊታቸው ቆሟል። ፊታቸው ቀጥ ብሎ ወደ እሱ ነበር። ሰላም አላሉም፤ አልጠየቁም። ከዚያ ውሻው ተንቀሳቀሰ፣ እሳቸውም ተከትለውት ሄዱ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሎርካን አንድ ሰው መጥቶ በሩን እስኪያንኳኳ ሲጠብቅ ነበር።

በምሳ ሰዓት ሎርካን ሳህኑን አልነካም።

«አንተም ጾመኛ ሆንክ?» አለችው ኔሳ።

«ሆዴን አሞኝ ነው።»

«በድሮው ሕግ» አለች ቀስ ብላ፣ «የተጾመበት ሰውም አይበላም።»

ከሰዓት በኋላ በሽማግሌው እግር ሥር አራት ስኒና ሦስት ሳህን ተደርድሮ ነበር። ሰው ሁሉ እነሱን እየዞረ፣ ድምፁን አጥፍቶ ይገባል። ሎርካን ወደ አዳራሹ ሲገባ ሹክሹክታው ተቋረጠ።

መብራቱ ደብዘዝ አለና የድንጋዩ ምስል ግድግዳው ላይ በራ። ሎርካን ማንበብ ጀመረ። በመስኮቱ የሽማግሌው ራስ ይታየዋል። ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ሽማግሌው ወደ እሱ ዘመም ይላሉ። ዝቅ ሲያደርግ ይበልጥ ዘመም ይላሉ።

የንጉሡ ስም ላይ ሲደርስ ቆመ። ውሃ ጠጣ። ወረቀቱን አጠፈው።

«የመጨረሻዎቹ ሦስት ጭረቶች የእኔ ናቸው» አለ። «በመጋቢት ነው የቀረጽኳቸው። ያለ እነሱ ንጉሥ የለም። እሳቸው አይተውኛል። በቃ፣ አሁን ይብሉ በሏቸው።»

ጌቲን ፕሮጀክተሩን አጠፋ። መጀመሪያ ኔሳ ወጣች፤ ሌሎቹ ተከተሏት፤ ሎርካን ከሁሉም ኋላ በሩ ላይ ቆመ።

በዚያው ቅጽበት አንዲት ጭቃ የለበሰች መኪና መጥታ ደጃፉ ላይ ቆመች። የቡድን ማሊያ የለበሰች ወጣት ወረደች። የሽማግሌው የልጅ ልጅ ሳይቭ ነበረች።

«አባባ! ገና እዚሁ ነህ እንዴ? ንግግሩን አልሰማህም? የድንጋዩን ባለቤት ያስገቡታል ብዬ እኮ ነው ትቼህ የሄድኩት!»

«ማን ያስገባኛል፣ ልጄ? ሲገቡ ሲወጡ ኮቴያቸውን እሰማለሁ፤ ደህና ዋሉ የሚለኝ እንኳ ጠፋ። አሁን አንዱ ጮክ ብሎ ሲናገር ነበር፣ ቃሉን ነፋሱ ወሰደው። ስለ ድንጋያችን ደህና ነገር ተናገሩ?»

ሽማግሌው ተነሡ። እግራቸው ስኒዎቹን መታና ሻዩ ሣሩ ላይ ፈሰሰ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

ሳይቭ ጠዋት መኪናው ውስጥ የረሱትን ነጭ የዓይነ ስውር በትር አውጥታ በእጃቸው አስያዘቻቸው።